ስለ ሦስተኛው ዘፈን የጠየቅሁት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም። ያልተናዘዝኩት ፈርቼ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ነገሩ ግን የተጀመረው በእሳቸው ጆሮ ነው። ፊታቸው ቀርቤ «አባ፣ ያን ቀን የጠየቅሁዎት ውሸት ነበር» ማለት አቃተኝ። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። እናንተን የመረጥኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

ስሜ ትርንጎ ነው። የተወለድኩት ገነተ ማርያም፣ የምኖረው ላሊበላ ከተማ ነው። ጭላዳ በሚባል ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ሦስት ነበርን። አስናቀ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፤ ከድር ድራም ይመታል፤ እኔ በቀኝ እጄ ዜማውን፣ በግራ እጄ ባሱን እይዛለሁ፤ ባስ ጊታር የሚመታ አራተኛ ሰው ተገኝቶልን አያውቅምና። ስሙን ያወጣልን ከድር ነው። ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠን ስንለማመድ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ሲያዩን አይቶ፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው የሚሰሙን እነዚህ ብቻ ናቸው አለና በዚያው ጸና።

አስናቀና እኔ የአንድ መንደር ልጆች ነን። አባቱ የኔታ ጥበቡ የገነተ ማርያም መሪጌታ ነበሩ፤ ማኅሌት የሚቆመው በእሳቸው መሪነት ነው። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ጊታር ሲያነሳ አልረገሙትም፤ አልመረቁትምም። አልከለክልህም፣ ግን አልሰማህም አሉት፤ እንዳሉትም ሳይሰሙት ኖሩ። አስናቀ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

የመጀመሪያው አልበማችን ባልጠበቅነው መንገድ ተወደደልን። አዲስ አበባ፣ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ፣ በብድር በተገኘ ማጉያ የተቀዳ ነው። የገና እንግዳ ከተማውን ሲሞላው በየሆቴሉ ደጅ፣ ወደ ወልድያ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ በአስጎብኚዎቹ ልጆች ስልክ ላይ የሚሰማው እኛን ሆነ። ከዘፈኖቹ ሁለቱን የደረስኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የኔን ዜማ ስታንጎራጉር ሰምቼ ሽንኩርቱን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ደስታ ይመስለኝ ነበር። ደስታ አልነበረም፤ ረሃብ ነበር።

የሁለተኛ አልበም ነገር ክፉ ነው። ለመጀመሪያው ማንም አይጠብቅህም፤ ለሁለተኛው ከተማው ሁሉ ደጅህ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አስናቀ ከሥጋው እስኪጎድል ሠራበት። እኔም አንድ ዘፈን ሠርቼ አመጣሁ፤ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ ስለ ጠፋ እህቴ ነው። ከሌሎቹ ጋር አብረን ቀዳነው። አልበሙ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ግን አስናቀ በእግራችን ወደ ሰፈር ስንወጣ ቆም አለና፣ ዘፈኔ ከሌሎቹ ጋር እንዳልሄደለት፣ ለሦስተኛው አልበም ብናቆየው እንደሚሻል ነገረኝ። አነጋገሩ የወንድም ነበር። እኔም «ደግ፣ እንዳልክ» አልኩት።

ልክ ነበረ ወይ? ልክ ነበረ። ዘፈኑ ረጅም ነው፤ ከማዜም ይልቅ ያለቅሳል። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ተበድዬ ነው ያደረግሁት ብዬ እንዳላመካኝ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አልበሙ «ወዲያኛው ክረምት» የሚል ስም ተሰጥቶት ወጣ። ከሁሉም የተወደደው ሦስተኛው ዘፈን ነው። ስሙን የሚያነሳ እንኳ ጠፋ፤ ሁሉም «ያን ሦስተኛውን ክፈተው» ነበር የሚለው። ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣና ይወድቃል ሲሉት እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከዚያ በሰው ደረት ላይ እንደሚሄድ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህ ዜማ ሲወለድ ከአስናቀ ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ክረምት ነበር፤ ሙጃ ከተማ ሠርግ አጫውተን ስንመለስ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ከድር ከድራሙ ጋር በሌላ መኪና ቀድሞናል። እርሻ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መጥተው ሲገፉልን አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው ይጣራሉ፤ ሌሎቹ «ሆ» እያሉ ይቀበላሉ። አስናቀ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መግፋቱን ረስቶ አፋቸውን ያያል። መኪናው ሲወጣ ያችን የሽማግሌውን ጥሪ ይዞ ገባ። መንገዱን ሁሉ አንጎራጎራት። ወደ ላይ አወጣት፤ ማውረጃው ግን ጠፋው። ያወረድኩለት እኔ ነኝ፤ ኪቦርዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ፈልጌ አገኘሁለት። አልበሙ ሲወጣ «ግጥምና ዜማ፦ አስናቀ» የሚል ተጽፎበታል። ጥሪው የሽማግሌው፣ መውጫው የእሱ፣ መውረጃው የኔ። ብነግረው ኖሮ በዚያው ሰዓት ያስተካክለው ነበር። አልነገርኩትም። ቂሙን ወደድኩት።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ።

የማርያም ማኅበር ነበር፤ ተረኛዋ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ። ጠበሉ ተቀምሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጨዋታ ተጀምሯል። የነፍስ አባቴ አባ ሞላ ከላይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ስለ አልበሙ አነሱና አመሰገኑን፤ እትዬ ዘነቡም በቅንነት፣ ሦስተኛውን ስትሰማ ልቧ እንደ ማኅሌት ቀን እንደሚሆን ተናገረች። እኔ አጠገቧ ነኝ። ያን ቃል ሰማሁትና ውስጤ አንድ በር ሲከፈት ተሰማኝ። ማንም አልገፋኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ወደ አባ ሞላ ዞሬ፣ ዐይኔን ሰብሬ፣ ድምፄን አሳንሼ ጠየቅሁ።

«አባ፣ የማኅሌት ዜማ በጊታር መጫወት ኃጢአት ይሆን? እኔ እንኳ አጃቢ ነኝ…»

አባ ሞላ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። የማን ዜማ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም «ኧረ ዝም ብዬ ነው» ብዬ አቀረቀርኩ።

ዜማው ከማኅሌት ተሰርቋል አላልኩም። የአስናቀን ስም አልጠራሁም። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁት። በዚህ ስንት ዓመት ራሴን ደለልኩ። ጥያቄ መጠየቅ ምን ኃጢአት አለው? ሰው ያላወቀውን አይጠይቅም ወይ? ግን እኔ ያላወቅሁት ምን ነበረ? ከጭቃው ውስጥ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ መውረጃውን በገዛ ጣቴ ሠርቼዋለሁ። የጠየቅሁት እንዲመለስልኝ አልነበረም፤ እንዲሰማልኝ ነበር። ያ «ዝም ብዬ ነው» ደግሞ ከጥያቄው ይብሳል፤ የምደብቅለት ነገር እንዳለ አስመስሎልኛልና። አውቄ ነው ያስመሰልኩት።

ላሊበላ ላይ ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ሰው ኑሮውም ክብሩም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተሠራ ነው። ሳምንቱ ሳይሞላ ወሬው ከጠበል ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቴሌግራም ወጣ። ከዘፈኑ ሥር ትናንት ሲያመሰግን የነበረው ሰው «የአባቱን መቋሚያ የሸጠ» ብሎ ይጽፍ ጀመር። ሹፌሮቹ ፍላሹን ነቀሉት። ለገና እንድናጫውት የቀጠረን ሆቴል ነገሩ እስኪበርድ ትንሽ እንቆይ አለን። አስናቀ ያን ጊዜ አልበሙን ለማስተዋወቅ አዲስ አበባ ነበር። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ስለ ሙዚቃው ይጠየቃል ብለን ስንጠብቅ፣ የተጠየቀው ስለ ስርቆት ነው። ሲንተባተብ ቤቴ ተቀምጬ ሰማሁት። አለቀስኩ። አልቅሼ ምን አደረግሁ? ሬዲዮኑን ዘጋሁት።

በማግስቱ ደወለልኝ። ወሬው ከባንዱ ውስጥ እንደወጣ ሰዎች ነግረውታል፤ ከማን አፍ እንደሆነ ግን አላወቁም። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ትርንጎ፣ ከድር ይሆን?» አለኝ።

ከድር የሰባት ቤት ጎረቤቱን ኀዘን እንደ ራሱ የሚቀመጥ፣ ከቆላው መንገድ ዳር ከተማ መጥቶ እዚህ ደጋ ላይ ከእኛ ጋር የበረደው ልጅ ነው። በእኛ ጾም ሥጋ በልቶ ፊታችን ቀርቦ አያውቅም። «እሱ አይደለም» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ ቆይቼም «እኔ ምን አውቄ» አልኩት። አስናቀ ዝምታዬን መልስ አድርጎ ወሰደው። እንደዚያ አድርጎ እንደሚወስደው አላወቅሁም ነበር ብል ሌላ ውሸት ልጨምር ነው።

ከዚያ ነገሩ ገነተ ማርያም ደረሰ። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ውጪ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። የኔታ ጥበቡን ዘፈኑን በስልክ አሰሟቸው። የልጃቸውን ድምፅ በዘፈን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ዜማው የቤተ ክርስቲያን አለመሆኑን፣ የማኅሌቱን አራራይ ስልት ያስመሰለው ኀዘኑ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ ግን በአክብሮት፣ አባት ለልጁ ምስክር አይሆንም አላቸው። ሌሎቹም ካህናት ተከፋፈሉ፤ ይመስላል የሚል አለ፣ አይመስልም የሚል አለ። ያን ያህል ዘመን ሲመሩት የኖሩት ሕዝብ ቃላቸውን ሲጠራጠር የኔታ ቁጣ አላሳዩም።

«ትርንጎ አለችላችሁ» አሉ። «አብራው የሠራች ናት። ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔ ነኝ። እሷ ያለችውን ተቀበሉ፤ እኔም እቀበላለሁ።»

አስጠሩኝ። እስከ ላሊበላ ድረስ መኪና ተልኮልኝ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር፤ እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ስደርስ ሁሉም ያየኛል። እውነቱን ብናገር ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፦ ታዲያ ለምን እንደዚያ ጠየቅሽ? አባ ሞላም እዚያው ተቀምጠዋል። የኔታ ግን ፊታቸው ያረፈ ነው። እንደ ልጅነቴ፣ ሀሁን በቃሌ ልወጣላቸው የቆምኩ ያህል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው አበረቱኝ።

«እኔ ዜማ አልተማርኩም» አልኩ። «የተማሩት ያውቃሉ።»

በቃ፤ ይህን ነው ያልኩት። ከኋላ አንዱ፣ ልትሸፍንለት ነው እኮ ሲል ሰማሁት። የኔታ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «ተቀብያለሁ» አሉ፤ ተነሡና መቋሚያቸውን ከእሳቸው ቀጥሎ ላለው ካህን ሰጡት። ማንም ስጡ አላላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ የሚቆሙት ግን ከሕዝቡ ጋር ነው። ድምፃቸውን በማኅሌት የሰማ የለም።

ያን ዕለት ማታ አስናቀ ደውሎ ምን እንዳልኳቸው ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም አልኩት። እሱም «አንቺ ብቻ ቀረሽልኝ» አለኝ። ይህን ቃል ተቀበልኩት። እንዴት ተቀበልኩት? እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ተቀበልኩት።

ባንዱ ፈረሰ ብሎ የተናገረ የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ከድር አንድ ቀን ቤቴ መጣ። አስናቀ ስልኩን አላነሳ ብሎታል። ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገሪኝና ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ አለኝ። እኔ ንዴት ነው፣ ይበርድለታል አልኩት። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ያዘነልኝ ይመስለኛል፤ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ብሎኝ ሄደ። እሱ አጽናናኝ። ድራሙን እኔ ዘንድ ትቶ ወደ ቤተሰቦቹ ወረደ፤ አሁን የአጎቱን የእህል ንግድ ያግዛል። አስናቀ አዲስ አበባ ቀረ። በየሠርጉ የሌሎችን ማይክና ማጉያ ይዘረጋል፤ ራሱ ግን አይዘፍንም።

አልበሙስ? አልበሙ ጊዜውን ጠብቆ ዳነ። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ዘግይተው አገኙት፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል እያሉ ጻፉለት። ላሊበላም ረሳው። ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሦስተኛው ዘፈን ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ያወገዙት ሰዎች ጭምር ከንፈራቸውን እያነቃነቁ ይከተሉታል። ከተማው ነገሩን በመርሳቱ እፎይ አልኩ። የተጎዱት ሦስት ሰዎች ግን አልረሱም፤ ሊረሱም አይችሉም፤ ሕይወታቸው ነውና።

የኔታን ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ገብስ አደርስላቸዋለሁ፤ ልብሳቸውን አጥባለሁ፤ ሲያማቸው ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ። መንደሩ መረቀኝ። ንስሐ የገባሁ መሰለኝ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጠናል። የኔታ ወደ ማዶው ጋራ እያዩ ድንገት፣

«ለአስናቀ አልነገርኩትም» አሉ።

«ምኑን፣ የኔታ?»

«ጓደኛ አለኝ ብሎ ይኑር።»

ውሃ እንዳቀብላቸው በእጃቸው አሳዩኝ። እግራቸው ላይ መውደቅ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። በሩ በገዛ እጃቸው ተከፍቶልኛል፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ውሃውን አቀበልኳቸው፤ ጠጥተው ሲጨርሱ ጣሳውን ተቀበልኩና መሽቶብኛል ብዬ ተነሣሁ። አልመሸም ነበር።

ዐረፉ። ዘንድሮ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ። አስናቀ መጣ። ሸብቷል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝና፣ «እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ አባቴ ብቻውን ነበር የሚሞት» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። ማታው ሳይደርስ ከድር ከቆላው ወጥቶ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጠ። አስናቀ አየው፤ ፊቱን አዞረ። ሁለቱ በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ በአንድ ሰው ኀዘን፣ ሳይተያዩ ተቀመጡ። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ንፍሮ ይዤ እዞራለሁ። ለአስናቀ ዘገንኩለት። ለከድር ዘገንኩለት። ከድር ራት ሳይቀርብ ተነሥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ወጣ። በዐይኔ ሸኘሁት። እግሬ አልተነሣም።

እንግዲህ ይህ ነው። ቅናት ነው ብዬ ልቋጨው አልችልም፤ ቅናቱ የአንድ ከሰዓት ነበር፤ የቀረውን ዓመት ሁሉ የሠራሁት ስለ ራሴ ስም ሳስብ ነው። የኔታ ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። አባ ሞላ በሕይወት አሉ፤ የፊታችን እሑድ ሄጄ በማኅበሩ ፊት እናገራለሁ እላለሁ፤ ግን ስንት እሑድ እንዲህ ብያለሁ። ስለዚህ በራሴ ተስፋ አላደርግም፤ በእናንተ ነው። ስም አልለወጥኩም። የሰውንም የመንደሩንም ስም እንዳለ ጽፌዋለሁ። ከእናንተ አንዱ አስናቀን የሚያውቅ ይኖራል። ይቅር በላት ብላችሁ አትለምኑልኝ፤ እሱ የእሱ ነው። ይህን ብቻ ንገሩት፤ ወሬውን ያወጣው ከድር አይደለም። እኔ ነኝ።